ለእንቁጣጣሽ የተጎዘጎዘው ግሪን

ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው «ሣር» እላለሁ። ብዙው ሰው ከብት ያለኝ ይመስለዋል፤ አልፈርድበትም። ከቃሊቲ ወደ አቃቂ ሲወረድ፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ፣ ጎልፍ የሚባል ጨዋታ የሚጫወቱበት ሜዳ አለ ብዬ ሳስረዳ ደግሞ የምዋሽ ይመስለዋል። ሜዳው ግን አለ። ትንሽ ነው፣ የግል ድርጅት ነው፣ እኔም የሣሩ ሠራተኞች አለቃ ነኝ።

የጎልፍ ኳስ የምትገባበት ጉድጓድ ዙሪያ ያለው ሣር «ግሪን» ይባላል። ቁመቱ ከጥፍር አይበልጥም። ከብት አይግጠውም፣ ልጅ አይሮጥበትም፣ ሰው አይተኛበትም። በየማለዳው በማሽን እናጭደዋለን። በበጋ ውሃ እናጠጣዋለን፤ በክረምት ውሃው እንዲቆምለት እንጸልያለን። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ይተንፍስ ብለን በብረት ሹካ እንበሳሳውና ቀዳዳውን በአሸዋ እንሞላዋለን። ይሄን ለጎረቤቴ ስነግራት «እንዲህ አድርገሽ ባል ብትንከባከቢ ኖሮ…» ብላ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኳት፤ እስከ ዛሬ ዝም እንዳልኳት ነው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ አልላቀቀንም። ዋናውን ግሪን ሻጋታ መታውና መሃሉ ላይ አንድ ክፍል ቤት የሚያህል ቦታ ቡናማ ሆኖ ሞተ። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ አየና «የእንቁጣጣሽ ማግስት እንግዶች አሉብኝ። እስከዚያ እንዲህ ሆኖ እንዳላየው» አለ። እሱ እንዲህ ብሎ ወደ መኪናው ይገባል፤ የቀረው የኛ ነው።

ደግነቱ ለክፉ ቀን ብለን ከአጥሩ ዳር ያሳደግነው የሣር መደብ ነበረን። በጳጉሜ የመጨረሻ ቀን ጠዋት ሣሩን ከነሥሩና ከነአፈሩ በአካፋ ገፈን እንደ ሰሌን ጠቀለልነው። ልንተክል ስንል ዝናቡ መጣ። ግሪኑ ገንፎ ሆነ፤ ቢረገጥ ይብሳል። ጥቅሎቹን ዋናው በር አጠገብ ደርድረን ሸራ አለበስናቸው። ሠራተኞቼን ለበዓል አሰናበትኩና ነገ በዓልም ቢሆን ብቻዬን መጥቼ እነጥፈዋለሁ ብዬ ሄድኩ። እንዲህ የተገፈፈ ሣር ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ይበሰብሳል።

በእንቁጣጣሽ ማለዳ፣ ቤቴ ሰው ሳይነሳ ወጥቼ ሜዳው ስደርስ ሸራው በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል። ከሥሩ ምንም የለም።

ዘበኛችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የእጅ ራዲዮናቸውን ከፍተው በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«እንኳን አደረሰሽ አለቃ!» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሣሩ የታለ?»

«ደረሰ!» አሉ፤ ፊታቸው በራ።

«የት ነው የደረሰው?»

«ለየቤቱ ነዋ! ሲመርቁ እንዴት እንዳመሹ ብታዪ!»

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና እንደምንም ታግሼ ጠየቅኳቸው። ለካ በዝናቡ ምክንያት ገበያ ላይ ቄጠማ ጠፍቶ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች በራችን ላይ መጥተው የሚጎዘጎዝ ሣር ይኖራችሁ ይሆን ብለው ጠየቁ። ጋሼ ሸራውን ገለጥ አድርገው አዩ። ድርጅቱ ባለፈው ዓመት ለጎረቤት ድፎ ዳቦ አድሎ ነበር፤ ዘንድሮ ሣር ቢሆን ምን ይገርማል? በዓመቱ መጨረሻ ቀን ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ፣ በር ላይ የተደረደረ ሣር ለሌላ ለምን ሊሆን ይችላል? ለየቤቱ አንድ አንድ ጥቅል ሰጡ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የግሪኑ ሣር ነው። ነገ ሥራ አስኪያጁ ሊያየው ነው!»

ራዲዮናቸውን ዘጉት። «እንግዲህ ልባረር ነው በዪኛ» አሉ ቀስ ብለው።

ማጋነናቸው አልነበረም። ሐምሌ ላይ ማረሚያ ቤት ስንቅ አድርሰው ሲመለሱ ዝናብ የያዛቸውን እናቶች በረንዳችን ላይ አስጠግተው ነበር። ሥራ አስኪያጁ የጭቃ ዱካ አይቶ «ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ብሰማ ይሰናበታሉ» ብሏቸዋል። በእሳቸው ዕድሜ ከአንድ በር የተባረረ ዘበኛ ሌላ በር የሚሰጠው የለም።

እኔ ቶሎ እቆጣለሁ፤ ቶሎም አይበርድልኝም። ግን ጥፋቱ ደግነት የሆነ ሰው ላይ መቆጣት አያረካም።

«ለነማን ነው የሰጡት?»

«መጀመሪያ ወደ…»

«ከዚህ ከበሩ ይጀምሩልኝ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ከበሩ ጀመሩልኝ፤ በጣታቸው እያመለከቱ ቤቶቹን ሁሉ ነገሩኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ነው። ባለሱቁ የስልጤ ልጅ ነው፤ የኔን ሣር ደጃፉ ላይ ዘርግቶ በጆግ ውሃ ያርከፈክፍበታል።

«ወላሂ እትዬ፣ ከሥሩ አፈር ሳይ ይሄ ነገር ነፍስ አለው አልኩ፤ ትንሽ ውሃ ውሃ አደረግኩለት።»

ልስመው ምንም አልቀረኝ። ነገሩን ስነግረው «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ ሣር ግን ይታፈሳል» ብሎ ሣሩንም፣ የሱቁን የእጅ ጋሪም ሰጠኝ። ሁሉም እንደሱ ቢሆን ኖሮ እስከ ረፋድ በጨረስኩ።

ቀጥሎ ያለው ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ አባት ቤት ነው። ሳሎኑ በእንግዳ ሞልቷል። ሣሬ ከበሩ እስከ ቡፌው ድረስ ተነጥፎ ፈንዲሻ ተበትኖበታል። ሰው ሁሉ እግሩን ዘርግቶበት ዶሮ ይበላል። እንኳን አደረሳችሁ አልኩ። እንኳን አብሮ አደረሰን አሉኝ። ከዚያ የመጣሁበትን ተናገርኩ።

ባለቤታቸው ትክ ብለው አዩኝ። «የኔ ልጅ፣ ሰው በእንቁጣጣሽ ሣር ይዞ ይመጣል እንጂ ይዞ ይሄዳል?»

«አይሄድም እማማ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ዘበኛው ጋሼ ሊባረሩብን ነው።»

እማማ እግራቸውን አነሱ። እንግዳው ሁሉ ሳህኑን እንደያዘ እግሩን አነሳ። እኔም በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን፣ በሰው ሳሎን፣ በጉልበቴ እየሄድኩ ሣሩን ከነፈንዲሻው ጠቀለልኩት። ልወጣ ስል እማማ በሩን ዘጉብኝ። «ሳትበዪማ አትወጪም፤ በሞቴ!»

በላሁ።

በየቤቱ እንዲሁ ሆነ። አንደኛው ቤት ከፍሪጁ ጎን አልገባ ብሏቸው ሣሩን በቢላዋ ቆርጠውታል። ሌላው ቤት ወጣቶቹ ተጋድመውበት ፎቶ ይነሳሉ። «ማዘር፣ ሙድ አለው እኮ!» አሉኝ። ሙዱን ጠቅልዬ ወጣሁ። የጋሼን ነገር ሰምቶ አልሰጥም ያለኝ አንድም ሰው የለም። ሳያበላ የለቀቀኝም የለም። አላበላም ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግሪኑ ላይ ስደርስ ጎንበስ ማለት አቅቶኝ ለራሴ «እንዲያው ምን በወጣኝ!» እያልኩ ነው የተንበረከኩት።

የሞተውን ጠርጌ፣ አፈሩን አስተካክዬ፣ ጥቅሎቹን ጎን ለጎን ዘርግቼ በጣውላ እየመታሁ አስተኛኋቸው። ሣሩ ተጎሳቁሏል፤ ጠርዙ ገርጥቷል፣ የጫማ ተረከዝ ገብቶበታል። ግን ሥሩ ደህና ነው፤ ይይዛል። ስጨርስ አንድ ጥቅል ጎደለ። የጎደለው ደግሞ ልክ ጉድጓዱ አጠገብ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሌላ ባያይ ያንን ያያል፣ ካየ ይጠይቃል፣ ከጠየቀ ጋሼ አይዋሹም።

ጋሼ የነገሩኝን ቤት ሁሉ አዳርሻለሁ። አሃ፣ የራሳቸውን ቤት ብቻ አልነገሩኝም! ለራሳቸው አስቀርተው ዝም አሉኝ አልኩ። የቀረኝን ቁጣ ሰብስቤ ወደ አቃቂ በሰቃ ሄድኩ።

ጋሼና ባለቤታቸው አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ነው የሚኖሩት። በሩ ክፍት ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ታጥቦ ያብለጨልጫል፤ አንዲት ሰበዝ ሣር የለበትም። ጋሼ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቀኑን ሙሉ ወሬ ሲጠብቁ ነው የዋሉት።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ» አሉ ባለቤታቸው እየተሽቆጠቆጡ። «በበዓል ቀን ሣር እንኳን ሳንጎዘጉዝ ሰው ሲገባ ያሳፍራል። ለሁሉም አልበቃም፣ ለሰው ሰጥቼ አለቀ አለኝ።»

ይዤው የሄድኩት ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም። «አንድ ጥቅል ጎደለኝ ጋሼ» አልኩ።

«ጠዋት ልነግርሽ ስል አቋረጥሽኝ እኮ። የመጀመሪያውንማ ወደ አንቺ ቤት ነው የላክሁት፤ ካንቺ ፎቅ በላይ ለምትኖረው የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ አስይዤ። አለቃዬ ሣር ስታበቅል ከርማ ቤቷ ባዶ ይሁን?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እየሮጥኩ ወደምኖርበት ገላን ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። ቤቴ ስገባ ሣሩ ሳሎኔ ውስጥ ተነጥፏል። ልጅቷ ማታ አምሽታ ስለገባች ያመጣችው ጠዋት እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው። እህቴ «እሰይ፣ መጣሽ! ምን ዓይነት የሚያምር ሣር ነው የላክሽልን!» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ መጠቅለል ጀመርኩ።

«አበድሽ እንዴ?»

«ገና ድሮ!» አልኳት።

ባጃጅ ይዤ ወደ ሜዳው ተነሳሁ። መንገድ ላይ ግን ያ የታጠበ ሲሚንቶ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ለሰፈሩ ሁሉ ሣር አድለው፣ ለእኔም ልከው፣ እነሱ ባዶ ወለል ላይ! አንጀቴን በላው። ሣሩ አንድ ሌሊት ቢቆይ አይሞትም፤ ጠዋት ከሥራ አስኪያጁ ቀድሜ እተክለዋለሁ። ባጃጁን ወደ በሰቃ አስመለስኩት።

ጋሼ ጥቅሉን ሲያዩ ተነስተው በሩ ላይ ቆሙ። «አይሆንም። የግሪኑ ነው ብለሽኛል። የድርጅት ንብረት ቤቴ አይገባም!»

«አለቃዋ እኔ ነኝ፤ ይገባል። ለዛሬ ብቻ ነው፣ ጠዋት እወስደዋለሁ።»

እየተከራከርን ዘረጋሁት። ወለሏ ትንሽ ናት፤ ከአልጋው እስከ በሩ ሞላት። ባለቤታቸው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ያዩ ነበር። አመሰግናለሁ እንዳይሉኝ ፈጥኜ ወጣሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሩን ሳንኳኳ «ግቢ» አሉኝ። ገፋ አድርጌ አየሁ። ሁለቱም አልጋው ላይ እግራቸውን ሰብስበው፣ ጋቢ ደርበው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሁለት ጥንድ ጫማቸው ከደጅ ቀርቷል።

«አልረገጥነውም» አሉ ባለቤታቸው። «የመጣውን ጎረቤት ደጅ ወንበር አውጥቼ ነው ያስተናገድኩት። እኛም ማታ ጫማችንን አውልቀን በዳር በዳሩ አልፈን ከወጣን በኋላ ከአልጋው አልወረድንም። ስናየው አመሸን።»

«ሣር እኮ ለመረገጥ ነው እማማ» አልኳቸው፤ ሙያዬን ሙሉ በሙሉ የካድኩት ያን ቀን ነው።

«እንዳይባረር ብዬ ነው» አሉኝ።

ፊቴን አዙሬ ጠቀለልኩት። እያለቀስኩ ነበር። ጋሼ የቀን ተረኛ ስለነበሩ ጥቅሉን በትከሻቸው ተሸክመው አብረን ሄድን። ፀሐይ ሳትበረታ ጉድጓዱ አጠገብ ተከልነው።

ሥራ አስኪያጁ ከእንግዶቹ ቀድሞ መጣ። በሩ ላይ መኪናውን አቁሞ ጋሼን «በበዓሉ የገባ ሰው አለ?» አላቸው።

«የገባ የለም» አሉ ጋሼ። እውነታቸውን ነው፤ የገባ አልነበረም።

ከዚያ ግሪኑ ላይ ወጥቶ ዞር ዞር አለ። የገረጣውን አየ፣ የተረከዙን ምልክት አየ፣ አለፈ። ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄኛው ምን ተደርጎ ነው እንዲህ ያማረው?»

«ሰው አልረገጠውም» አልኩት።

«ሌላውስ ታዲያ ለምን ተረገጠ?»

«በዓል ነበር» አልኩት።

ሌላ ሊጠይቀኝ አፉን ከፈተ። ያኔ ከበሩ በኩል የእንግዶቹ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ሰማን፤ ጋሼም ሄደው በሩን ከፈቱላቸው።