ፏፏቴው የቀረበት እሑድ

አባቴ ቶሮንቶ የቆዩት ዘጠኝ ቀን ነው። «ከደሴ ድረስ ለዘጠኝ ቀን ይመጣል?» ብዬ ስልክ ላይ ብጮህም «እናትሽን ብቻዋን ጥዬ ስንት ልሰንብት?» ብለው አፌን አስያዙኝ። ከዘጠኙ ቀን እኔ ኦፍ የነበርኩት ሁለቱን ብቻ ነው። የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ እኛ ዘንድ የዕረፍት ቀኑን የሚያማርጠው ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነው፣ እኔ ደግሞ ገና ከወረፋው ጭራ ላይ ነኝ። የመጀመሪያውን ቀን አባቴ የበረራ ድካም ጥሏቸው ተኙ። እኔም «ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ» ብዬ አጠገባቸው ሶፋው ላይ ጋደም አልኩና ሁለታችንም የነቃነው ሊመሽ ሲል ነው። የቀረችን አንዲት እሑድ ነበረች።

ያችን እሑድ የት እንደምናሳልፋት ለመወሰን ያየሁትን ፍዳ አትጠይቁኝ። ወረቀት ላይ ዝርዝር ጻፍኩ። ፏፏቴው አለ፤ በሰሜን በኩል ውሃው ሰማያዊ የሆነ የሐይቅ ዳር አለ፤ ጊዜው ጥቅምት ስለነበር ቅጠሉ ሁሉ የሚቀላበት ጫካም አለ። አንድ ደግ የሥራ ባልደረባዬ «የወይን እርሻ ጉብኝት የመሰለ የለም» አለኝ። አባቴ ሐጂ መሆናቸውን ባስረዳው ጊዜ ትንሽ አሰበና «ባይቀምሱም እርሻውን ያዩታል» አለ። ዌስተን ሰፈር በምኖርበት ሕንፃ ውስጥ ያሉት የአገር ሰዎች ግን ሊፍት ውስጥ ባገኙኝ ቁጥር የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ፏፏቴውን ሳያዩ እንዳትሰጃቸው!» እውነታቸውን ነው። ካናዳ ደርሶ የተመለሰ ሰው ቀዩን የዝናብ ላስቲክ ለብሶ፣ ፏፏቴው ፊት የተነሳው ፎቶ ከሌለው መሄዱ ራሱ ያጠራጥራል።

አባቴን በየቀኑ ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ ፏፏቴው ይሻልዎታል ወይስ ጫካው?»

«እንዳልሽ።»

«ፏፏቴው ሥር የሚያደርሰውን የመርከብ ትኬት ቡክ ላድርገው?»

«እንዳልሽ ልጄ።»

ከእኛ ሽማግሌዎች ጋር ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ «እንዳልሽ» ማለት እሺ ማለት አይደለም። የሚፈልጉት ነገር አለ፣ ግን አንቺ ደርሰሽበት አንቺው እንድትናገሪው ይጠብቃሉ ማለት ነው። እኔ ትዕግስት የለኝም። ትኬቱን ቡክ አደረግኩት።

ሐሙስ ከሥራ ስገባ አባቴ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ በሲባጎ የታሰረ ዕቃ አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው አንዲት ብጣሽ ወረቀት ያያሉ።

«ኪንግስተን የሚባለው አገር ስንት ሰዓት ይወስዳል?» አሉኝ።

ጫማዬን ሳላወልቅ ቆምኩ። «ሦስት ሰዓት ገደማ። ምን አለ እዚያ?» አልኩ፤ ምን እንዳለ እያወቅኩ።

«አደራ አለብኝ። ወንድሟ የላከው ነው።»

«በፖስታ እንላከዋ! በሁለት ቀን ይደርሳል።»

«አደራ በፖስታ?» አሉና አዩኝ። ዕቃውን መንገድ ላይ እንጣለው ያልኳቸው ነበር የሚመስለው።

ኪንግስተን የምትኖረው አንድ ግቢ ውስጥ አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ ናት። ካናዳም የገባነው በወራት ልዩነት ነው፤ ቶሮንቶ ፓርክዴል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን ሦስት ዓመት አብረን ኖርን፣ ከዚያ ለየብቻ ቤት ያዝን። የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፍነው በአንድ ወፍራም ካፖርት ነው። እሷ የጠዋት ሥራ ነበራት፣ እኔ የማታ፤ በር ላይ እየተገናኘን እንቀያየረው ነበር። ከእሷ ጋር ከተነጋገርን ሁለት ዓመት አልፎናል፣ ጥፋቱም የኔ ነው።

እናቷ ደሴ ላይ ሲያርፉ ቶሮንቶ ካለነው መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነበርኩ። አባቴ ረቡዕ ዕለት ደውለው ነገሩኝና «ትንፍሽ እንዳትዪ» አሉኝ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የታወቀ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ፣ ደግፎ ይዞ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ሺፍት አለበት። ሽማግሌዎቹ መገናኘት የሚችሉት ቅዳሜ ብቻ ሆነ። በመሃሉ፣ ሐሙስ ማታ፣ እሷ ደወለችልኝ። የሆነ ነገር አጫወተችኝ፤ ሳቅሁ። ሳቅን፣ ሁለታችንም፣ ሆዳችንን ይዘን።

ቅዳሜ ጠዋት ሰዎቹ ሲሄዱ እኔ አልነበርኩም። አውቶቡስ እየነዳሁ ነበር። ማታ ለቅሶ ቤት ስደርስ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ሐሙስ ስደውልልሽ ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔም በማግስቱ አልሄድኩም፤ በሦስተኛውም አልሄድኩም። ስልክ እንዳልደውል ለቅሶ በስልክ አይደረስም፤ እንዳልሄድ አፈርኩ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ፣ እሷም ለሥራ ወደ ኪንግስተን ሄደች። እንዲህ ያለ ነገር ቀን በጨመረ ቁጥር ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ስለዚህ ለአባቴ ስለ ፏፏቴው ሰበኩላቸው። «አባባ፣ ከዓለም ዙሪያ ሰው እየመጣ የሚያየው ነገር ነው!»

«ውሃ አይደል? የትም አይሄድም።»

«ትኬቱ ተቆርጧል እኮ።»

«ሁለቱንም ማየት አይቻልም?»

«አንዱ በምሥራቅ መውጫ፣ አንዱ በምዕራብ መውጫ! በአንድ ቀን አይሞከርም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። አባቴ ሠላሳ ዓመት ከደሴ አዲስ አበባ የሕዝብ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው፤ መሐል መንገድ ላይ የተጣሉ ተሳፋሪዎችን እንደሚያናግሩ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ስትደውዪልን ስለ እሷ አንድ ቀን አላነሳሽም። ወንድሟም የሆነውን ነግሮኛል። ቀኑ ያንቺ ነው፣ ምርጫውም ያንቺ። አልሄድም ካልሽ ዕቃውን የሚያደርስ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።» ከዚያ ጨመሩ፦ «እንደምመጣ ደውዬላታለሁ። ማን እንደሚነዳ ታውቃለች። አትምጡ አላለችም።»

አርብ ዕለት ሰበብ ስፈልግ ዋልኩ። ቅዳሜ የደረሰኝ መስመር በፓርክዴል በኩል የሚያልፈው ነበር። የድሮው ሕንፃችን አጠገብ ያለው ፌርማታ ላይ ስቆም አንዲት አሮጊት የመደገፊያ ጋሪያቸውን ይዘው፣ በጣም ቀስ ብለው ይወርዳሉ። እሳቸው እስኪወርዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን መስኮታችንን አየሁት። የሌላ ሰው መጋረጃ ተሰቅሎበታል። እንባዬ መጣ፤ ከኋላ አንድ ሰውዬ «ችግር አለ?» ብሎ ጮኸ። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ደርሼ ስልኬን አወጣሁና የመርከቡን ትኬት ካንስል አደረግኩት።

እሑድ ጠዋት ተነሳን። አውራ ጎዳናው ላይ አባቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ ሄዱ። «ፍሬን ታበዣለሽ» አሉኝ። «ከፊት ያለውን መኪና በጣም ተጠጋሽ» አሉኝ። «መስመር ስትቀይሪ ደህና ነሽ» ሲሉኝ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ዳርና ዳሩ ላይ ያለው ዛፍ ቀይና ቢጫ ሆኗል። «ይኸው ጫካውንም አየን» አሉ። እኔ ግን በልቤ የምላትን እየደረደርኩና እያፈረስኩ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ደርድሬ አንዱም ዓረፍተ ነገር አልተረፈኝም።

በሩን ስትከፍት ከድሮው ከስታ አየኋት። የአባቴን ጉልበት ልትስም ዝቅ ስትል «ተዪ ልጄ» ብለው በትከሻዋ ያዟት። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ብርድ ነው፣ ግቡ» አለች።

አባቴ እንደተቀመጡ መዳፋቸውን ዘርግተው ለእናቷ ዱዓ አደረጉ፤ ረጅም ዱዓ ነበር። «አሚን» ብለን ፊታችንን በእጃችን ካበስን በኋላ ዕቃውን አስረከቧት። ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር ተናገሩ።

«ልጄ፣ እዚህ ድረስ የመጣሁት ዕቃ ለማድረስ ብቻ አይደለም። ያን ጊዜ ደውዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ትንፍሽ እንዳትዪ ያልኳትም እኔ ነኝ። ብቻሽን ሰምተሽ እንዳትወድቂ ብዬ ነው። ሦስት ቀን ይፈጃል ብዬ ግን አላሰብኩም። ቅያሜሽ ከኔ ነው፣ እሷን ተያት።»

ለዚህ ነበር ከደሴ የመጡት። ለዚህ ነበር «እንዳልሽ» ሲሉኝ የሰነበቱት። ዝም ብዬ ባዳምጥ ነገሩ በዚያው ያልቅልኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ለአፍታ ያህል ዝም ልል ከጅሎኝም ነበር።

«ዝም በይ ያሉኝ አባባ ናቸው» አልኳት። «ቅዳሜ ጠዋት አትሂጂ ያለኝ ግን የለም። ሺፍት ነበረብኝ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ብጠይቅ ይለቁኝ ነበር። ፈርቼ ነው የቀረሁት። ሲነግሩሽ ፊትሽን ማየት ፈርቼ።»

የተጠቀለለውን ዕቃ ጭኗ ላይ አደረገችው። «ሰባት ሰው ነበር የገባው» አለች። «እያንዳንዱን አየሁት። አንቺን ነበር የምፈልገው። ብትኖሪ ኖሮ የምወድቀው አንቺ ላይ ነበር።»

«አውቃለሁ። ይቅር በይኝ።»

ተነስታ ምሳ አቀረበች፤ ብዙም ሳናወራ በላን። የዙሁር ሶላት ሲደርስ አባቴን መኝታ ቤቷ አስገብታ መስገጃ አነጠፈችላቸውና በሩን ዘግታ ተመለሰች። ሳህኖቹን ማንሳት ስጀምር «ተያቸው፣ ተቀመጪ» አለችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሐሙስ ዕለት የሳቅነው በምን ነበር?»

«ረስተሽዋል?»

«ጥርግ ብሎ ጠፋብኝ። ስንት ቀን ላስታውሰው ሞከርኩ። እናት አለችኝ ብዬ የሳቅሁት የመጨረሻው እኮ ነው። ከአንቺ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም።»

«የመንጃ ፈቃድ ፈተና ወድቀሽ ነበር» አልኳት። «አራት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ደርሰሽ ቆምሽ። በግራ የመጣውን መኪና እለፍ አልሽው። በቀኝ የመጣውንም እለፍ አልሽው። ከፊት ያለችውን ሴትዮም እለፊ አልሻት። እሷ ደግሞ አንቺ እለፊ ስትልሽ “ኧረ በሞቴ!” እያልሽ በእጅሽ ለመንሻት። ፈታኙ ሰዓቱን አይቶ “እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?” አለሽ።»

አፏን በእጇ ያዘች። «ወላሂ! እናቴን የምታክል ሴትዮ ነበረች፤ እንዴት ብዬ ልቅደማት?»

«እንደዚህ ነበር ያልሽኝ። ልክ እንደዚህ።»

«ያን ጊዜ ስትስቂ… ለማስመሰል ነበር?»

«አይደለም። እናትሽ ማረፋቸውን ረስቼው ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ ራሴን የጠላሁትም በዚያ ነው።»

«እንኳንም ከልብሽ ሆነ» አለች።

«አሁንስ ፈተናውን አለፍሽ?»

«ሁለቴ ደግሜ ወደቅሁ። አሁንም እለፉ እላቸዋለሁ።»

ከዚህ በኋላ ማን እንደጀመረ አላውቅም። እሷ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች፣ እኔ ትከሻዋ ላይ ተደፋሁ፤ ድምፃችን ከቁጥጥር ውጭ ሆነ፣ እንባችን ወረደ። የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተና አባቴ መስገጃውን በክንዳቸው እንደያዙ፣ በባዶ እግራቸው፣ ፊታቸው ላይ ሐዘን ሞልቶ ወጡ።

«በቃ ልጆቼ፣ በቃ!» አሉ እጃቸውን እያወናጨፉ። «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ፤ ይበቃችኋል፣ አትጎዱ!»

ይኼኔ ባሰብን። እሷ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «አባባ፣ ለቅሶ አይደለም፤ መንጃ ፈቃድ ነው» አለቻቸው።

አባቴ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። መስገጃውን አጥፈው ወንበሩ ላይ አደረጉና አጠገባችን ተቀመጡ።

«በሉ ለእኔም ንገሩኝ» አሉ።

እሷም ወንበሯን ወደ እኔ ጠጋ አድርጋ ከመጀመሪያው ጀመረችላቸው።