በመስቀሉ ፊት የተነሣች እጄ

ልጄ በጓሮ ስትለማመድ የቴኳንዶ ልብሷ እጅጌ ጧ ይላል። ያን ድምፅ ስሰማ የያዝሁትን አስቀምጣለሁ። ከፀሐይ ገና የገባ ነጭ ልብስ፣ ሳሙናና የተረገጠ ሣር ይሸተኛል። ፊቴም ይሞቃል። ይህን ያህል ዘመን አልፎ አሁንም አፍራለሁ።

በልጅነቴ የምንኖረው ከጣና ብዙም በማትርቅ መንደር፣ ዘንዘልማ ነበር። አባየ ቄስ ነበሩ። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ሰው መንገድ ላይ ጓደኛዬን በቡጢ መትቶ ቦርሳዋን ነጠቃት፤ ከንፈሯ ተሰፋ። ከዚያ በኋላ እናቴ እስክመለስ ድረስ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ጀመር። እኔም ያን መንገድ በሩጫ ነበር የማልፈው። ቴኳንዶ ልማር ብዬ ጠየቅኋት። በኋላ፣ "ሱሪውን ከቀሚስሽ ሥር ልበሺው። ለአባትሽ እኔ ጊዜ አይቼ እነግራቸዋለሁ" አለችኝ። ጊዜው ግን ሳይገኝ ቀረ።

የምንሠለጥነው ቅዳሜ ጠዋት ከጣና ዳር፣ ከአንድ ሾላ ሥር ነበር። ውሃው ገና ብርሃን ይይዛል፣ ከዳር የበቀለው ደንገል ይንሿሿል፣ ከታንኳ የተራገፈ ዓሣ ይሸታል። አሠልጣኛችን ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ነበር። ከእሱ የተማርሁት አንድ ነገር ነው ብል አልዋሸሁም። ቡጢ ሲመጣ ግራ እጅን አንሥቶ ወደ ውጭ መመለስ፣ እግርን ወደ ጎን ማውጣት፣ የሰውየውን የእጅ አንጓ መያዝ። ሲያዩት ቀላል ነው። እኔ ግን ቡጢው ሲመጣ ዓይኔን እጨፍን ነበር።

"የቄስ ልጅ፣ አሁን ጸሎት ላይ አይደለንም" ይለኛል። ሌሎቹ ይሥቃሉ።

ዓይኔን መግለጥ ስለምድ ደግሞ በኃይል እመታ ጀመር፤ ክንዴ በለዘ። መምታት አይደለም አለኝ፤ በር እንደ መክፈት ነው፣ ከፍተሽ አሳልፊው። ያም ሲገባኝ፣ አቀርቅሬ እንድቆም እያደረገ ሳላስበው ከላይ ይሰነዝርብኝ ገባ። እጄ ሳላዛት እስክትነሣ ድረስ እንዲያ ሠራን። አንድ ቅዳሜ ተነሣች። አሠልጣኙ ሣቀ፤ እኔ ፈጣሪዬን አመሰገንሁ። የዚያን ቀን ወደ ቤት የሄድሁት ሳልሮጥ ነው።

በማግሥቱ እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሴቶች ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ሥር ተሰልፈን መስቀል እንሳለም ነበር። የሚያሳልሙት አባየ ናቸው። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ይፈጥናሉ። ተራዬ ሲደርስ ነጠላዬን አስተካክዬ አቀረቀርሁ። በነጠላዬ ጠርዝ እጅ ሲመጣ አየሁ።

ሌላ ያየሁት የለም። እጄ ተነሣች፣ እግሬ ወደ ጎን ወጣ፣ የአባየን አንጓ ይዤ ቆምሁ። የእንጨት መስቀላቸው ከደረጃው ድንጋይ ላይ ወድቆ ጫፉ ተሸረፈ።

ሰልፉ ቆመ። መስቀል ሲቀርብ የሚሸሽ ሰው በእኛ ዘንድ ርኩስ መንፈስ አለበት ይባላል። ከኋላዬ የነበሩ አንዲት ባልቴት፣ "ይዟታል፤ ጠበል ይውሰዷት" አሉ። ሌላዋ ክንዴን ጨበጠችኝ። ዝም ብል አባየ በራሳቸው ደብር ልጃቸው የተያዘችባቸው ቄስ ሊባሉ ነው። ብናገር ደግሞ ከእሳቸው የደበቅነው በአደባባይ ሊወጣ ነው።

"ሰይጣን አይደለም፤ ቴኳንዶ ነው" አልሁ።

ባልቴቷ አማተቡ። "ተመስገን፣ ስሙን ተናገረ።"

ከዳር የቆሙት ወጣቶች ሣቃቸው አመለጣቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። አባየ ጎንበስ ብለው መስቀሉን አነሡ፤ ተሳለሙትና አቧራውን በቀሚሳቸው ጠረጉለት። ለሴቶቹ፣ ልጄ ደኅና ናት አሏቸው። ከዚያ እንደገና ወደ ግንባሬ አመጡት፣ በጣም ቀስ ብለው። ሁለት እጄን ከነጠላዬ ሥር ቆልፌ ያዝሁ።

ቤት ስንገባ እናቴ ሁሉን ነገረቻቸው። አልተቆጡም። ግቢ ውስጥ ጠሩኝና እስቲ አሳዪኝ አሉ። ቡጢ ጨበጡ። ሰው መትተው የማያውቁ ነበሩና አውራ ጣታቸውን በጣቶቻቸው ውስጥ ደብቀው ነው የጨበጡት። ያን ቡጢ ወደ እኔ ሲያመጡ እጄ አልነሣም አለች። አለቀስሁ።

"አንሺ እንጂ፣ ልጄ" አሉኝ። "መንገድ ላይ የሚመጣብሽ አባትሽ አይደለም።"

አነሣሁ። በር እንደ መክፈት፣ ቀስ አድርጌ አሳለፍኋቸው። "ጎሽ" አሉኝና ገቡ። ሥልጠናውንም አልከለከሉኝም።

ከዚያ ወዲህ ግን እሑድ ተራዬ ሲደርስ፣ መስቀሉን ከማንሣታቸው በፊት ጎንበስ ብለው፣ "እኔ ነኝ" ይሉኝ ነበር። ከኋላዬ ያሉት ይሰሙና ይሣሣቃሉ። ፊቴ ይነዳል። አግብቼም፣ ልጅ ታቅፌ ስመጣም አልተዉትም። አባየ፣ አሁንስ ይብቃዎት ልላቸው አስብና መናገሩ ራሱ ያሳፍረኛል።

ዛሬ አባየ የሉም። እንደ እሳቸው ያለ አባት የሰጠኝ ጌታ ይመስገን። የተሸረፈውን መስቀል የያዙት ወጣት ቄስ ናቸው፤ እሳቸውም ይፈጥናሉ። ተራዬ ሲደርስ እጆቼን ከነጠላዬ ሥር ቆልፌ አቀረቅራለሁ። መስቀሉ ግንባሬንና ከንፈሬን ነክቶ ያልፋል። እኔ ግን ከኋላዬ ያለችው ሴት እስክትነካኝ ድረስ አልንቀሳቀስም፤ አንድ ድምፅ እየጠበቅሁ።