«እሱ ለፈጣሪ ነው፤ ለእኔስ?» ይል የነበረው መምህር እንድሪስ

እባካችሁ፣ አንዳችሁ ውሸት ነው በሉኝ።

እንድሪስ ሞተ። የኛው እንድሪስ፣ ወልድያ አብረን የምናስተምረው፣ ተማሪዎቹን የሚያማክረው የጋይዳንስ መምህሩ። ዛሬ ለሱብሂ ሶላት ሊቀሰቅሱት ቢገቡ አልነቃም፤ እዚሁ መርሳ፣ ወንድሙ ቤት። ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበሩት። እኔ ግቢው ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ፣ ሰው ተሳስቶ ይሆናል እያልኩ በሩን በሩን ሳይ ዋልኩ።

ከትናንት በስቲያ እኮ አግኝቼዋለሁ! በእግሩ ቆሞ!

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ያኔ በጦርነቱ ወልድያ ተይዞ ከተለቀቀ በኋላ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት፣ ልጆቹ መጡ እንጂ መጡ አይባልም ነበር። ግማሹ ዴስክ ተማግዷል፣ ላብራቶሪው ባዶ ነው። እኛ መምህራኑ ስለ መጽሐፍና ስለ ወንበር እንጨቃጨቃለን። ልጆቹን ያየ እሱ ብቻ ነው። እኔማ ፈዘው ሲቀመጡ «ሰነፋችሁ!» እያልኩ እቆጣ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ቀን እያስተማርኩ ሰማዩ አጉረመረመ። የሰኔ ዝናብ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። የአስራ አንደኛ ክፍል ልጆች፣ ጢም ያወጡት ሳይቀሩ፣ ዴስክ ስር ገቡ። እኔ ጠመኔዬን ይዤ «ኧረ ነጎድጓድ ነው፣ ውጡ!» ብዬ እጮሃለሁ። እንድሪስ ሰምቶ ገባ። ያን ረጅም ቁመቱን አጣጥፎ እሱም ዴስክ ስር ገባና ስም መጥራት ጀመረ። አንድ በአንድ «አቤት» አሉት። ጠርቶ ሲጨርስ ሁሉም ወጥተው ተቀመጡ። ሱሪውን አራግፎ «ብርቄ፣ ቀጥይ» ብሎኝ ሄደ።

ሌላም ነገር ነበረው። እኛ አገር «እንዴት ነሽ?» ሲባል መልሱ የታወቀ ነው። ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ»፣ አለቀ። ቤቱ ተቃጥሎም፣ ሰው ቀብሮም መልሱ ያው ነው። እንድሪስ ይህን ከተማሪ አይቀበልም። ፈገግ ብሎ «እሱ ለፈጣሪ ነው፤ ደርሶታል። ለእኔስ?» ይላል። ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። መጠበቅ ያውቅበታል በቃ።

አንዲት ልጅ ነበረች፣ ስሟን አልጽፍም። ወንድሟን በጦርነቱ ካጣች ጀምሮ ከ«ተመስገን» ሌላ ቃል አይወጣትም። ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ «ለእኔስ?» ይላታል፣ በየቀኑ ዝም። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት እንድሪስ ስታፍ ክፍላችን እየሮጠ ገባ፤ ልጅ የተወለደለት ነው የሚመስለው።

«ብርቄ፣ ተናገረች! ‹ቲቸር፣ ምግቡ ሁሉ አፈር አፈር ይለኛል› አለችኝ!»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ያስደስታል?» አልኩት።

«እውነት ነዋ!» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ማውራት ጀመረች። ግን አንድ ቀን ያለችውን ሲነግረኝ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «ቲቸር፣ ያ ነገር ከተመለሰ ግን፣ መኖሬን እኔ እንጃ» ብላዋለች።

ይኸው ጦርነቱ ተመለሰ።

ሰዉ ከወልድያ ሲወጣ እኔም አባቴንና እናቴን ይዤ መርሳ ገባሁ። የልጅቷ እናት የአልጋ ቁራኛ ስለሆኑ እነሱ አልወጡም። እንድሪስም አልወጣም። በየቀኑ ቤታቸው እየሄደ ያያት ነበር።

ከትናንት በስቲያ ግን መርሳ መናኸሪያ በር ላይ ፌስታል አንጠልጥሎ አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። «እንዴት ነህ?» አልኩት። «አልሐምዱሊላህ» አለኝ። እኔስ ምን አልኩ? «በል እንገናኛለን፣ ዳቦ ሊያልቅብኝ ነው» ብዬው ሮጥኩ።

ምናለ ያቺን የራሱን ጥያቄ መልሼ ብጠይቀው! ለካ የደም ግፊት መድኃኒቱ ካለቀበት ሳምንት አልፎታል። ወንድሙ ነው ዛሬ የነገረኝ። መድኃኒቱን ፍለጋ መጥቶ፣ አግኝቶ ለልጅቷ ሊመለስላት ነበር። ዞሮ ዞሮ አጣ። አባቴ የሚወስደው ያንኑ መድኃኒት ነው። ሁለት ፓኬት ሻንጣችን ውስጥ ነበር። አሁንም አለ። እናንተ ሰዎች፣ ይህን እንዴት አድርጌ ነው የምችለው?

ይህን ስጽፍ በወልድያ በኩል እንደ ነጎድጓድ እየጮኸ ነው። ሰማዩ ደግሞ ጥርት ብሏል። እናቴ የፈታነውን ሻንጣ መልሳ እያሰረች ነው፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።

ከለቅሶው ስመለስ ስልኬ ጠራ። ልጅቷ ናት። የእንድሪስ ስልክ አልነሳ ብሏት ነው።

«ቲቸር፣ ቲቸር እንድሪስ ደህና ነው? ዛሬ አልደወለልኝም።»

እኔ ጉደኛዋ፣ «ደህና ነው፣ ኔትወርክ ይሆናል» አልኳት። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። ዋሸኋት። «እሺ፣ ነገ ጠዋት እደውላለሁ» ብላ ዘጋችው።

ስለዚህ እግራችሁ ላይ ወድቄ እለምናችኋለሁ፦ የምታውቋት ካላችሁ ይህን ፖስት እንዳታሳዩአት። እኔ ራሴ እነግራታለሁ። ወልድያ የቀራችሁ መምህራን ግን አንዳችሁ በጠዋት ቤቷ ሂዱልኝ፤ ስትሰማ ብቻዋን መሆን የለባትም። የምትሄዱ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ቤቱን እነግራችኋለሁ። እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

እንድሪስ ወንድሜ፣ አላህ ጀነትን ይወፍቅህ። አባቴም «ነፍሱን ይማረው» እያለልህ ነው። እኔን ይቅር በለኝ። ሦስት ወር ጠብቀህ ያገኘሃትን ልጅ በአንድ ስልክ እንዳላጣብህ ፈርቻለሁ፣ በጣም ፈርቻለሁ። አንተ በሰላም እረፍ። ነገ ጠዋት ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ።