ገና ኩላሊት አልደረስንም

ልጆቹ በስዋሂሊ «ምዋሊሙ»፣ መምህር፣ የሚሏቸው አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ እዚሁ ሞያሌ ብዙ ዘመን ሳይንስ አስተምረዋል። ጡረታ ሲወጡም ማስተማሩን አልተዉትም፤ ክፍሉን ወደ ግቢያችን አዛወሩት እንጂ። ለፋሲካ ፍየል ሲታረድ፣ ሆድ ዕቃው በትሪ ሆኖ እሳቸው ፊት ሳይቀርብ ድስት አይጣድም። የሰፈሩ ልጆች ይከቧቸዋል። ሥጋችንን የማይበሉት የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆች ሳይቀሩ ለትምህርቱ ይመጡ ነበር።

ሳንባውን በእስክሪብቶ ቀፎ ሲነፉት ልጆቹ ይንጫጫሉ። «እናንተም ደረት ውስጥ እንዲህ ያለ አለ። ሲጋራ እንዳታሳዩት!» ይላሉ። እናቴ ቢላዋ ይዛ፣ «ኧረ ጋሼ፣ ወጡ መቼ ሊደርስ ነው?» ስትል መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቆይ እንጂ፣ ገና ኩላሊት አልደረስንም።» ኩላሊቱ ጋ ሲደርሱ ደግሞ፣ «ውሃ ጠጡ! ሶዳ አላልኩም፣ ማጂ ነው ያልኩት!»

ዘንድሮ ፋሲካ ያለ እሳቸው መጣ። ፍየሉ እንደታረደ ልጆቹ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው አጎቴ ይቀመጡበት የነበረውን በርጩማ ከበው ተቀመጡ። በርጩማው ላይ ለመቀመጥ የደፈረ የለም። የጎረቤታችን ልጅ ሐቢባ፣ «አሁን ማን ይነፋዋል?» አለች።

ቀፎውን አንስቼ ቆሜ ነፋሁ። ሳንባው ቀስ እያለ ሲያብጥ ልጆቹ እንደ ድሮው ተንጫጩ። እኔ ግን ቀፎውን አስቀምጬ፣ «ይበቃል» ብዬ ትሪውን ላነሳ ጎንበስ አልኩ።

እናቴ ቢላዋዋን እንደያዘች ከማድ ቤት ወጣች።

«አስቀምጪው» አለችኝ። «ገና ኩላሊት አልደረሳችሁም።»