ሸራው እያለ ዋጋው የጠፋ ዕለት

የሰፈራችን ዕድር ዳኛ ነኝ። ትምህርቴ ስሜን ከመጻፍ ብዙም አያልፍ፤ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ስሠራ ስላረጀሁ ግን ሸራ አውቃለሁ። የድንኳን ነገር ሲነሳ ሁሉም ወደ እኔ የሚያየው ለዚህ ነው።

ድንኳናችን አርጅቶ ያፈስ ነበር። በሐምሌው ስብሰባ አባላቱ አሁኑኑ አዲስ ይገዛ አሉ። እኔ እንቢ አልኩ። «ክረምት ላይ ሸራ ይወደዳል፣ መስከረም ሲጠባ ይረክሳል። ሁሌም ያየሁት ነው፤ እንታገሥ።»

አብሮኝ ፋብሪካ ያረጀው ጎረቤቴ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እንግዲያው መልአከ ሞትንም እስከ መስከረም ታገሥ ብለህ ለምንልን!» ብሎ አሳቀብኝ። ሆኖም የእኔ ቃል ጸና።

በሳምንቱ፣ የዶላር ዋጋ ከእንግዲህ በገበያ ነው ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። እኔ ዶላር በእጄ ነክቼ አላውቅ፤ ምን አገባኝ ብዬ ሻዬን ጠጣሁ። ሦስት ቀን ቆይቶ ዘይቱም ሳሙናውም ሲዘል ሳይ ግን ልቤ ፈራ። የዕድሩን ጸሐፊ ይዤ ሳሪስ ሄድኩ።

ሸራ ሻጩ የስልጤ ሰው ነው፣ የጥንት ደንበኛችን። ጥቅሉ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል።

«አባባ፣ ዛሬ አልሸጥም።»

«ይኸው አይደል እንዴ ሸራው?»

«ሸራውማ አለ። ዋጋ የለውም።»

«ዋጋ የሌለው ዕቃ አለ እንዴ ልጄ?»

«ወላሂ አባባ፣ አስመጪው ራሱ ስልኩን ዘግቷል። በድሮው ብሸጥልዎ ነገ በስንት እንደምተካው አላውቅም።»

ቆሜ ቀረሁ። በደርግ ጊዜ ዕቃ ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ለስኳርም ለሳሙናም ተሰልፌያለሁ። ዕቃው ዓይኔ ሥር ተከምሮ ዋጋው ሲጠፋ ግን በዚህ ዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ጸሐፊው ክንዴን ይዞ ባያወጣኝ እዚያው ደርቄ በዋልኩ።

ኋላ ዋጋው ተገኘ። ለድንኳን ያጠራቀምነው ግን ግማሹንም አልገዛ አለ።

ነሐሴ ላይ የዚያ ጎረቤቴ ባለቤት አረፈች። አሮጌውን ድንኳን ተከልን። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ለቀስተኛው ደረቅ ቦታ ፍለጋ ጥግ ጥጉን ተጣበበ፤ ሴቶቹ ፌስታል በራሳቸው ላይ ደፉ። እኔ አውቄ በሚያፈሰው ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፤ ቀና ብዬ ሰው ማየት አቃተኝ።

ጎረቤቴ ከሐዘንተኛ ቦታው አየኝ። የሐምሌውን ያነሳል ብዬ ጠበቅሁ።

«ወዲህ ሳብ በል፣ እዚያ ያፈሳል» አለኝ፤ ከጎኑም ቦታ ለቀቀልኝ።

ሄጄ ተቀመጥኩ። ጋቢው ከእኔ ጋቢ ይብስ ርሷል።