ተገኘ ያየው ምሳር

ለንስሐ አባቴ የተናዘዝሁትን ብትሰሙ ትስቁብኝ ነበር። በዐቢይ ጾም ወተት ልሻለሁ፤ ተናዝዣለሁ። ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ተደግፌ አንኮራፍቻለሁ፤ እሱንም ተናዝዣለሁ፤ ስግደቱንም ጉልበቴ እስኪንቋቋ ሰግጃለሁ። የምሳሩን ነገር ግን ለቄስም ለዘመድም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለሚስቴ ለትርንጎ እንኳ አልነገርሁም፤ እሷ ደግሞ ያልነገርኋትንም የምታውቅ ሴት ነበረች። አሁን ጥርሴ አልቋል፤ ምላሴ ብቻ ቀርቷል። እንግዲህ በተፈለገ ጊዜ ያልሠራ ምላስ ዛሬ ይሥራ።

እኔ ራሴን ባለሙያ ጠጋኝ ነኝ ብዬ የማምን ሰው ነበርሁ። ሞፈር ቢሰነጠቅ በጠፍር፣ በር ቢወልቅ በጠፍር፣ የአህያ ኮርቻ ቢላቀቅ በጠፍር። እርጥብ ቆዳ ጠምጥመህ ስታደርቀው አንቆ ይይዛል፤ ከአባቴ የወረስሁት ጥበብ ይኸው ነው፤ ሌላ አላወረሰኝም። ትርንጎ «አንተ ሰውዬ፣ ወገቤን አመመኝ ማለትም ፈራሁ፤ በጠፍር ትጠመጥመኝ ይሆናል» ትለኝ ነበር። እስቃለሁ። ምኑ ያስቃል?

ጊዜው ደርግ መሬት ደልድሎ፣ መሠረተ ትምህርት ተማሩ ያለበት ሰሞን ነው። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ለመማሪያው ዳስ ግንድ ስለሚፈለጥ፣ ነገ በጠዋት እያንዳንዱ አባወራ ምሳሩን ይዞ ይውጣ አለ። የቀረ ይቀጣል። የእኔ ምሳር ደግሞ ቀዳዳው ሰፍቶ ዛቢያው ላይ ይዞር ነበር። ወደ ተገኘ ይዤው ሄድሁ።

ተገኘ የመንደራችን ቀጥቃጭ ነው። በእኛ አገር በታች ጋይንት ቀጥቃጭን ማረሻ ሥራልን ይሉታል እንጂ ለማዕድ አይጠሩትም፤ ዐይኑ ሰው ይበላል ብለው ያሙታል። አባቱም አያቱም ለሰው ማረሻ ሲቀጠቅጡ ኖረው በስማቸው አንድ ትልም ያላወጡ ናቸው። በድልድሉ ግን ተገኘ እንደማንም አባወራ ተቆጥሮ ወንዙ ዳር መሬት ደረሰው። የመጀመሪያውን ገብስ የዘራ ዕለት እንደ በዓል አዲስ ጋቢ ለብሶ ነው የዘራው። እኛ ከአጥር ጀርባ ሆነን ስንስቅበት ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

ምሳሬን ተቀብሎ አገላበጠና ፊቱን አጨማደደ።

«ይህ ሰው ይገድላል። ተወው፣ አግዬ ቀዳዳውን አጠብብልሃለሁ። ከሰል ስለጨረስሁ ሐሙስ ና።»

«ሐሙስ? ሊቀ መንበሩ የሚፈልገኝ ነገ ነው!»

«እንግዲያው በዛቢያው ፈንታ የሊቀ መንበሩን ጭንቅላት ክተትበት፤ እሱ ደንዳና ነው፣ አይወልቅም» አለና ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ዋጠና «የምሬን ነው፣ ወንድሜ። በዚህ አትፍለጥ» አለኝ።

ምሳሬን ነጥቄው ሄድሁ። ቀጥቃጭ ይመክረኛል እንዴ? ጠፍር ያለው ሰው ነኝ! ቀዳዳው ውስጥ ጨርቅ ወተፍሁ፣ ከላይ በጠፍር ጠመጠምሁት፣ ከነዛቢያው ውኃ ውስጥ ነክሬ አሳደርሁት። እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ጠዋት ብታዩት ንቅንቅ አይልም። ፀሐይ ሲመታው ግን ይኮማተራል፤ እርጥብ ጠፍር ደግሞ እስኪደርቅ ድረስ ምንም አይጨብጥም። ይህን አላውቅም ነበር? የጋይንት ገበሬ ሆኖ ይህን የማያውቅ አለ? አውቃለሁ። ሁለቱንም አውቃለሁ። አላወቅሁም ብዬ የምሾልክበት ቀዳዳ የለኝም።

ከእኔ ጋር የተመደበው እንዳላማው ነበር፤ ጓደኛዬ፣ የወንፈል ባልንጀራዬ። እሱ ከፊት ለፊቴ ግንዱን በእግሩ ረግጦ ይይዛል፣ እኔ እፈልጣለሁ። ረፋዱ ላይ ምሳሩ ሲነቃነቅ ተሰማኝ። ዛቢያውን በድንጋይ መታ መታ አድርጌ ቀጠልሁ። ደግሞ ተነቃነቀ። እንዳላማውም አይቶት «ምሳርህ እንደ ደብተራ አንገቱን ይወዘውዛል፤ ማኅሌት ልትቆም ነው እንዴ?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ወንዙ ሩቅ አልነበረም። ወርጄ ብነክረው ምን ነበረበት? ወይ «ይህ ምሳር አይሠራም» ብዬ ብቀመጥ? ሳቃቸው አናደደኝ።

«አንተ ግንዱን ያዝ!» አልሁት።

ያዘ። እኔም ባለ በሌለ ጉልበቴ አነሣሁት። ሳወርደው እጄ ላይ የቀረው ባዶ ዛቢያ ነው። ብረቱ የእንዳላማውን ቅልጥም ከጉልበቱ በታች ሰብሮት መሬት ላይ ተጋድሟል።

በቃሬዛ ወደ ወጌሻ ልንወስደው ስንነሣ ሊቀ መንበሩ እያለከለከ ደረሰ። «ምሳሩ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «በጨርቅ ወትፌው ነው» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ሦስት ቃል ናት። እኔ ግን ምን አልሁ?

«ምን አውቃለሁ? ትናንት ተገኘ አገላብጦ ሲያየው ነበር።»

ይህን ብቻ ነው ያልሁት። እዩልኝ፣ ውሸት እንኳ የለበትም! አይቶታል፤ አገላብጦታል። የሰው ቤት የማፈርሰው እውነት ተናግሬ ነው፤ እንዲህ ያለ ብልጥ ነኝ። ውኃ ልታቀብል የመጣች አንዲት ሴት አማተበች። ሌሎቹ «ዐይኑ ነው» ብለው ተንሾካሾኩ። እኔም እንዳልሆነ እያወቅሁ ቃሬዛውን አንሥቼ ተሸከምሁ።

በሦስተኛው ቀን ተገኘ አጥሬ ድረስ መጣ። አልገባም፤ እኔም ግባ አላልሁት። «ሌላ አትጨምር፤ በዚህ አትፍለጥ እንዳልሁህ ብቻ ለሰው ተናገርልኝ። መሬቴ ላይ ልኑር» አለኝ። እሺ አልሁ። እሑድ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩ ሰውን በሙያው መስደብ ክልክል ነው ብሎ ጮኸ። ተገኘ ከዳር ተቀምጦ እኔን እኔን ያያል። እኔ በጭራዬ ዝንብ አባርር ነበር። ዝንብ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ማንም አልሰደበውም፤ ትእዛዝ አክባሪ ሕዝብ ነን። ሰው ሁሉ ግን ማረሻውን እየተሸከመ አርብ ገበያ ከተማ ድረስ ሄዶ ያሠራ ጀመር። ተገኘ አንድ በሬ ብቻ ነበረው፤ ከእሱ በሬ ጋር የራሱን በሬ የሚያቀናጅ ሰው ጠፋ። በአንድ በሬ ማን ያርሳል? መሬቱ ጾም አደረ፤ በሚቀጥለው ክረምት ዋዜማ ወናፉን በአህያ ጭኖ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ወደ ስማዳ ወረደ። መሬቱ ለማን ደረሰ? ጠይቁኝ እንጂ! ለእኔ ደረሰ። ሌላ ድልድል እስኪመጣ አረስሁት። ገብሱ ጥሩ ገብስ ነበር፤ በልቼዋለሁ።

እንዳላማው እያነከሰ ኖሮ አምና ዐረፈ። እስኪሞት ድረስ ቃሬዛውን ስለተሸከምሁለት ይመርቀኝ ነበር። ልጆቹን ደግሞ «ከቀጥቃጭ ዐይን ተጠበቁ፤ እግሬን እዩ» ይላቸው ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ ስንት ጊዜ ሰማሁት? ስንት ጊዜ ጠላዬን ጠጣሁ?

ለእንዳላማው ብነግረው ይቅር ይለኝ ነበር፤ ምሳር ነው፣ ይወልቃል። ተገኘን ከመሬቱ ያስለቀቀው ግን ምሳር አይደለም። የት እንደደረሰ፣ ይኑር ይሙት እንኳ ጠይቄ አላውቅም፤ ስማዳ ባሕር ማዶ ይመስል! ፈርቼ ነበር እንዳልል እንኳ፣ ፍርሃት ቢሆን በወሩ ይለቀኝ ነበር። ገብሱ ጣመኝ።

የእንዳላማው ልጆች፣ የአባታችሁን እግር የሰበርሁት እኔ ነኝ። ማርልን ብላችሁ አትጸልዩልኝ፤ አልለምናችሁም። ዛሬ ግን ልጆቻችሁን ሰብስቡና ያ ቀጥቃጭ «በዚህ አትፍለጥ» ብሎ እንደነበር ንገሯቸው። ስሙ ተገኘ ነው።