ከታክሲዬ ጋር ያጠብኩት ሪል

ዛሬ ጠዋት ቡሪየን ከተማ ባሕሩ ላይ ትልቅ ሳልመን ዓሣ መንጠቆዬን ውጦ ሲሮጥ፣ ክሩን የሚጠቀልለው ሪል ተጣብቆ አልለቅ አለ። ክሩ ተበጠሰ፤ ዓሣው ሄደ።

ሪሉ ርካሽ ስለሆነ ነው ብዬ ተናደድኩ። ሄጄ ውዱን ልገዛ ስነሳ፣ አብረውኝ የነበሩት ጋሽ ሸምሱ «ቆይ እስቲ» ብለው ሪሉን ተቀበሉኝ። ቡታጅራ እያሉ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበሩ።

እዚያው አቅራቢያ ሲታክ ከተማ ወዳለው ቤታቸው ወስደው ፈቱት። ውስጡ ጨው በጨው ሆኗል።

«አታጥበውም እንዴ?»

«ኧረ ሁሌ ነው የማጥበው! ታክሲዬን ካር ዋሽ ሳስገባ በዚያው በኃይል የሚረጨውን የፕሬዠር ውሃ እለቅበታለሁ።»

ሳቁ። «ልጄ፣ ጨውን ወደ ውስጥ ስትገፋው ነዋ የከረምከው! በንጹሕ ውሃ ቀስ ብለህ አለቅልቀው፣ አድርቀው፣ ጠብታ ዘይት ጣል አድርግበት። ምርጫህስ ጥሩ ነው፤ ማርሹ ብረት ነው።»

በስፌት መኪና ዘይት አሹት። አሁን በአንድ ጣት ይዞራል፣ ድምፅ እንኳ የለውም። ነገ ጠዋት ወደዚያው ዓሣ እንመለሳለን!

ስወጣ ግን «የታክሲህን ሞተርም እንደዚያ ነው የምታጥበው?» አሉኝ።

ቀጥታ ሄጄ የታክሲዬን ኮፈን ከፈትኩ 😂

እናንተስ፣ እየተንከባከባችሁ ያበላሻችሁት ነገር ምንድን ነው? ብቻዬን አታስቀሩኝ።